ጥላና ውሃ፤ ስለ ሕፃናት መጫወቻ ስፍራ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በአንድ አንጋፋ አርክቴክት የቀረበ ንግግር)




በዚህ ጉባኤ ላይ ንግግር እንዳደርግ በተጋበዝኩ ጊዜ፣ ጋባዦቼ ከእኔ የጠበቁት ስለ ረጃጅም ሕንጻዎች፣ ስለ አዳዲስ የግንባታ ዕቃዎች ወይም ስለ ከተማ ፕላን አንድ ትልቅ ጉዳይ እንደ ሆነ አልጠፋኝም። አርባ ዓመት ያህል በዚህ ሙያ ለቆየ ሰው እንዲህ ያለው ርእስ ይስማማዋል። እኔ ግን ዛሬ የምናገረው በፕላኖቻችን ላይ ከሁሉ ያነሰ ቦታ ስለሚሰጠው ነገር ነው፤ ይኸውም ዕድሜያቸው ለትምህርት ያልደረሰ ሕፃናት የሚጫወቱበት ስፍራ ነው። ርእሱ ቀላል መስሎ ቢታያችሁ አልፈርድባችሁም። እኔም ለብዙ ዘመን ቀላል ይመስለኝ ነበር። ዛሬ በፊታችሁ የቆምኩትም ስለ ተሳሳትኩ ነው።

የማንኛችንንም የመኖሪያ ግቢ ፕላን ዘርግተን ብናይ፣ ሕንጻዎቹ፣ መንገዶቹ፣ የመኪና ማቆሚያውና የቆሻሻ ማጠራቀሚያው ሁሉ ስፍራቸውን ከያዙ በኋላ፣ ከአጥሩ ጥግ የተረፈች አንዲት ሦስት ማዕዘን እናገኛለን። በውስጧም «የልጆች መጫወቻ» የሚል ጽሑፍ አለ። ለሌላው ሁሉ ስሌት ሠርተናል፤ ለዚህች ግን ጽሑፉ በቂ መስሎን አልፈናል። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚለው ተረታችን በፕላን ጠረጴዛችን ላይም ሠርቷል ማለት ይቻላል። ልጅ የሚያቦካው ጭቃ ለራት እንደማይበቃ እርግጥ ነው፤ ነገር ግን የሚያቦካው ለራት እንዳልሆነ የተረዳሁት እጅግ ዘግይቼ ነው።

ነገሩን እንዴት እንደ ተረዳሁት በቅድሚያ ላውጋችሁ።

ባለፈው ዓመት በሐምሌ ወር ልጄን ለመጠየቅ ወደ አሜሪካ ሄጄ ነበር። የምትኖረው ከዋሽንግተን አጠገብ፣ በሜሪላንድ ግዛት፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የዚያ አገር ሐምሌ እንደኛው የዝናብና የብርድ ወር አይደለም፤ ሙቀቱ ከእርጥበት ጋር ተደባልቆ ትንፋሽ ያሳጥራል። እናትና አባቷ ሥራ ሲውሉ የአራት ዓመት የልጅ ልጄን የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። ልጅቱ ዝምተኛ ናት። አማርኛ ትሰማለች፣ ብዙ አትመልስም፤ በመዋያዋም ከልጆች ጋር እንደማትጫወት መምህራኖቿ ለእናቷ ነግረዋት ነበር። ልጄ ይህን ስትነግረኝ ድምጿ ውስጥ የነበረውን ሥጋት አልረሳውም። በማግስቱ ጧት ወደ ሥራ ስትወጣ፣ «አባዬ፣ እባክህ ከቤት አውጣት፤ መናፈሻዋ ቅርብ ናት» አለችኝ።

መናፈሻዋ ከቤታቸው በእግር የአሥር ደቂቃ መንገድ ነች። ዝናዋ ከሰፈሩ የማያልፍ፣ ጎብኚ የማይመጣባት ትንሽ ስፍራ ናት። ስገባ በመጀመሪያ የተሰማኝ ጥላው ነው። ዕድሜ ጠገብ የሆኑ የኦክ ዛፎች ቅርንጫፎቻቸውን ከላይ አጋጥመው፣ ከታች ያለውን መሬት እንደ አዳራሽ አልብሰውታል። ሠሪዎቹ ዛፎቹን ቆርጠው መጫወቻ አልሠሩም፤ መጫወቻውን ከዛፎቹ ሥር አስገቡት እንጂ። ከመንገዱ ወደ ጥላው ስንገባ የልጅ ልጄ እጄን ለቀቀች። በዚያ ሁሉ ሳምንት እጄን በገዛ ፈቃዷ ስትለቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

በስፍራው ሸርተቴና ዥዋዥዌ ነበሩ፤ ልጆቹ ግን ተሰብስበው የነበሩት በሌላ ጥግ ነው። በዚያ አንድ የእጅ ፓምፕ ቆሟል። ልጅ እጀታውን ከፍ ዝቅ ሲያደርገው ውሃ ይወጣል፤ ሲያቆም ውሃውም ይቆማል። የሚወጣው ውሃ ከድንጋይ በተጠረበ፣ ከአንድ ስንዝር በማይሰፋ ቦይ ወርዶ አሸዋ ውስጥ ይገባል፤ ከአሸዋው በታች ተጣርቶ ወደ ዛፎቹ ሥር ይሄዳል። የተጠራቀመ ውሃ የለም። ከዚህ የበለጠ መሣሪያም የለም። እንግዲህ ሥራው የልጆቹ ነው፤ አንዱ ይቀዳል፣ ሌላው ቦዩን በጠጠር ይገድባል፣ ሌላዋ ግድቡን ታፈርሳለች፣ ሁሉም ይጮኻሉ።

የልጅ ልጄ ለረጅም ጊዜ ቆማ ተመለከተች። ከዚያ አንድ ትንሽ ልጅ ፓምፑን ብቻውን ለማንቀሳቀስ አቅቶት ሲታገል አየች። ልጁ የሚናገረው ስፓኝኛ ነበር። እሷ ምንም ሳትናገር ሄዳ እጀታውን ከእሱ ጋር ያዘች። ውሃው ወጣ። ሁለቱ ለአንድ ሰዓት ያህል ግድብ ሠሩ። ግድቡ ሊፈርስ ሲል ወደኔ ዞራ፣ «አባባ፣ ድንጋይ! ቶሎ በል፣ ትልቅ ድንጋይ!» ብላ ጮኸች። ከመጣሁ ጀምሮ ከአፏ የሰማሁት ረጅሙ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ይህ ነበር። እኔም፣ የስንት ሕንጻ መሠረት ያስጣልኩ ሰው፣ ተንበርክኬ ድንጋይ አቀበልኩ።

ከአጠገቤ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ አንዲት ነጠላ የለበሱ እናት ተቀምጠው ነበር። እሳቸውም እንደኔ የልጅ ልጅ ጠባቂ ናቸው። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ፣ «ይገርሞታል፣ ጋሼ፣» አሉኝ፤ «እኛ አገር ይህ ሁሉ ሳይሠራልን ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉን በጭቃ ስንገድብ አልነበረም እንዴ? እናቴ ልብሴን ባበላሸሁ ቁጥር ትቆጣኝ ነበር። እዚህ ደግሞ ልብሱን እንዲያበላሽ ይዤው እመጣለሁ።» ሁለታችንም ሳቅን። ነገር ግን አባባላቸው እስከ ማታ ድረስ ከአእምሮዬ አልወጣም። እሳቸው የተናገሩትን ጨዋታ እኔም አውቀዋለሁ፤ ከዝናብ በኋላ በደጃችን የሚወርደውን ውሃ በጭቃና በድንጋይ እንገድብ ነበር፤ ቅጠል እንደ ጀልባ እናንሳፍፍበት ነበር። ይህን የሚያውቅ ሰው በአርባ ዓመት ሥራው ለአንድም ልጅ አንድ ቦይ አለመሥራቱ እንዴት ነው? መልሱ ቀላል ነው። ያ ጨዋታ ሊሠራለት የሚገባ ነገር መስሎ አልታየኝም ነበር፤ ራሱን በራሱ የሚያገኝ መስሎኝ ነበር።

ወደ አገሬ እንደ ተመለስኩ፣ በጥቅምት ወር፣ ከብዙ ዓመት በፊት ፕላኑን ወዳወጣሁለት አንድ የመኖሪያ ግቢ ሄድኩ። ግቢው የት እንደ ሆነና የማን እንደ ሆነ መናገር አያስፈልግም፤ ጥፋቱ የኔ ነውና። በዚያ ፕላን ላይ «የልጆች መጫወቻ» ያልኳት ሦስት ማዕዘን ከግቢው በስተምዕራብ፣ አንድም ዛፍ በሌለበት ባዶ መሬት ላይ ነበረች። የነበሩትን ዛፎች ለግንባታው እንዲመች ያስቆረጥኩት እኔው ነኝ፤ በምትካቸው ሌላ እንደሚተከል በፕላኑ ላይ ጽፌ ነበር፤ የተተከለ ግን አልነበረም። የብረት ሸርተቴው እስካሁን ቆሟል። በስድስት ሰዓት ላይ እጄን ሳስቀምጥበት አላስቻለኝም። ከሦስት ማዕዘኗ ግማሹ የመኪና ማቆሚያ ሆኗል። አንድም ልጅ አልነበረም።

ልጆቹ የት እንዳሉ ዘበኛውን ጠየቅሁት። «ከኋላ ናቸው፣ ጌታዬ፤ ባባርራቸውም አልሄድ አሉኝ» አለኝ። ወደ ኋላ ዞርኩ። በሕንጻው ጀርባ፣ የውሃው ታንከር በቆመበት፣ ቆራጮቹ ረስተዋት የቀረች አንዲት ወይራ አለች። ታንከሩ ሲሞላ በአፉ ይፈስሳል፤ የሚፈስሰውም ውሃ በወይራዋ ሥር ያልፋል። ስምንት ወይም ዘጠኝ ሕፃናት በዚያች ጥላ ሥር ተሰብስበው በቆርቆሮ ጣሳና በእርጎ ኩባያ ውሃ ያመላልሱ፣ ጭቃ ያቦኩ፣ ግድብ ይሠሩ ነበር። ሜሪላንድ ያየሁት ሁሉ እዚያ ነበር፤ ጥላው፣ ውሃው፣ ጩኸቱም። የጎደለው የኔ የባለሙያው ሥራ ብቻ ነበር። ውሃው ከኮንክሪቱ ሥር ገብቶ መሠረቱን ያረጥባል፤ የታንከሩ ማቆሚያ ብረት በልጆቹ ራስ ትክክል ስለቱን አውጥቷል፤ ከሁለት እርምጃ በማይርቅ ስፍራም የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳኑ ተሰብሯል። ልጆቹ ከእኔ የተሻለ ቦታ መርጠዋል፤ እኔ ግን የመረጡትን ቦታ ለአደጋ አጋልጬ ትቼዋለሁ። ይህን ጉዳይ ወደዚህ ጉባኤ ለማምጣት የወሰንኩት በዚያች ሰዓት ነው።

ክቡራትና ክቡራን፤

እስካሁን የተናገርኩት የአንድ ሽማግሌ ትዝታ ነው። ከዚህ በኋላ ግን ወደ ሙያችን ልግባ፤ በመጀመሪያም ስለ ጥላ።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ በ2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ሌላው ሁኔታ እኩል ቢሆን፣ በአዲስ አበባ የሚጫወት ልጅ የሚያገኘው ጨረር በባሕር ዳርቻ ከሚጫወተው ከ20 በመቶ በላይ ይበልጣል ማለት ነው። አየራችን ቀዝቃዛ በመሆኑ ይህን አናስተውለውም፤ ቆዳችን ባይቃጠልም ዓይናችን ይጎዳል። በተለይ በቆዳቸው ቀለም የሌላቸው ሕፃናት፣ አልቢኖ የምንላቸው፣ ያለ ጥላ ከቤት ውጭ መጫወት አይችሉም። ጥላ የሌለውን መጫወቻ የሠራን እንደ ሆነ ለእነዚህ ልጆች በሩን ዘጋንባቸው ማለት ነው።

ጥላን መሥራት ስሌት አለው። አዲስ አበባ የምትገኘው ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ9 ዲግሪ ላይ ስለሆነ፣ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሁሉ ከአንድ ወገን አትመጣም። በታኅሣሥ ከደቡብ ትመጣለች፤ የ6 ሜትር ዛፍ የቀትር ጥላ ወደ ሰሜን 4 ሜትር ያህል ይዘረጋል። በሰኔ ደግሞ ከሰሜን ትመጣለች፤ የዚያው ዛፍ ጥላ ወደ ደቡብ 1 ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ይዘረጋል። በአውሮፓና በአሜሪካ መጻሕፍት «ሸርተቴውን ወደ ሰሜን አዙሩት» የሚለው ምክር እኛን የማይጠቅመን በዚህ ምክንያት ነው፤ ለኛ ሸርተቴ መፍትሔው የዛፍ ጥላ ብቻ ነው። የቀትሩን ፀሐይ የሚከላከለው ረጅም ቀጭን ዛፍ ሳይሆን ቅርንጫፉን እንደ ዣንጥላ የሚዘረጋ ዛፍ ነው። ከሰዓት በኋላ ግን ነገሩ ይለወጣል። ከ9 ሰዓት ጀምሮ ጥላው የዛፉን ቁመት ያህል ሆኖ ወደ ምሥራቅ ይዘረጋል፤ እየቆየም ይረዝማል። ሕፃናት በብዛት የሚወጡትም በዚህ ሰዓት ነው። እንግዲያው ዛፉ ከመጫወቻው በስተምዕራብ ይተከል፤ መጫወቻውም ከዛፉ በስተምሥራቅ ይሁን። እኔ በዚያ ግቢ ይህን ብቻ ባስብ ኖሮ፣ ሦስት ማዕዘኗን ከምዕራቡ አጥር አላስጠጋትም ነበር።

የዛፉም ዓይነት ይታሰብበት። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ለከተማችን ትልቅ ውለታ ውሏል፤ ማገዶም ቤትም ሆኗል። ለመጫወቻ ጥላ ግን አይሆንም፤ ቅጠሉ የሳሳ ነው፣ ውሃውንም ከሌላው ተክል ይሻማል። ዋንዛ ቅርንጫፈ ሰፊ ነው፤ ልጆችም ፍሬውን ይወዱታል። ወይራና ዝግባ ቀስ ብለው ቢያድጉም ለልጅ ልጅ የሚተርፉ ናቸው። ዋርካና ሾላ ከሁሉ የላቀ ጥላ አላቸው፤ ሽማግሌዎቻችን በዋርካ ሥር ሲያስታርቁና ሲመክሩ የኖሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ይሁን እንጂ ሥራቸው ቧንቧንና መሠረትን ስለሚፈነቅል ከሕንጻ መራቅ አለባቸው። ጉሎ ደግሞ ፍሬው መርዝ ስለሆነ በመጫወቻ አጠገብ ሊገኝ አይገባም። ዛፉ እስኪደርስ ድረስ የዳስ ጥላ መሥራት ይቻላል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ያለውን ዛፍ አለመቁረጥ ነው። አዲስ ሸርተቴ በአንድ ቀን ይተከላል፤ የ40 ዓመት ጥላ ግን በ40 ዓመት እንጂ በሌላ አይገኝም።

አሁን ወደ ውሃው ልለፍ። እዚህ ላይ ከመካከላችሁ የሚነሣውን ተቃውሞ ከወዲሁ እሰማዋለሁ፤ ተገቢም ነው። በከተማችን ብዙ ሰፈር ውሃ የሚያገኘው በፈረቃ ነው። እናቶች ጀሪካን ይዘው በሚሰለፉበት ከተማ ለልጅ መጫወቻ ውሃ ማፍሰስ ነውር አይሆንምን?

ከቧንቧው መጥቶ የሚፈስስ ቢሆን ነውር በሆነ ነበር። ነገር ግን በአዲስ አበባ በዓመት ከ1,100 ሚሊ ሜትር ያላነሰ ዝናብ ይዘንባል፤ ይህም ውሃ ከጣሪያዎቻችን ላይ ወርዶ በየመንገዱ ጎርፍ ሆኖ ያልፋል። 300 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው አንድ ጣሪያ በዓመት 330,000 ሊትር ይቀበላል፤ አንድ አምስተኛው በትነትና በመፍሰስ ቢባክን እንኳ 264,000 ሊትር ይተርፋል። ከዚህ ውስጥ በአሸንዳ ሰብስበን እያንዳንዳቸው 10,000 ሊትር በሚይዙ ሁለት ታንከሮች ብናጠራቅም 20,000 ሊትር ይሆናል። የእጅ ፓምፕ ያለው መጫወቻ በቀን አንድ በርሜል፣ ማለትም 200 ሊትር ቢፈቀድለት፣ ይህ ለ100 ቀን ይበቃል። በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ቢከፈት ከ33 ሳምንት በላይ ያስኬዳል፤ ይህም ከመስከረም መጨረሻ እስከ ግንቦት ያለውን በጋ ያህል ነው፤ በመካከሉም የበልጉ ዝናብ ይጨምርበታል። ከጨዋታው የተረፈውም ውሃ ወደ ዛፎቹ ሥር ስለሚሄድ ጥላውን መልሶ ያበቅለዋል። እንግዲህ ልጆቹ የሚጫወቱበት ውሃ ከእናቶች ጀሪካን የተወሰደ አይደለም።

የእጅ ፓምፕን የመረጥኩበት ሌላም ምክንያት አለ። ቁልፍ ሲጫኑት ከየአቅጣጫው የሚረጭ የውሃ መጫወቻ በብዙ አገር አለ፤ ልጆችን ማስደሰቱም አይካድም። ነገር ግን የዚህ ዓይነቱ መሣሪያ አንዱን ውሃ እየመለሰ የሚረጭ ከሆነ ጥብቅ ማጣሪያ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2005 በኒው ዮርክ ግዛት ሴኔካ ሐይቅ አጠገብ በነበረ የውሃ መጫወቻ ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለው ተሕዋስ ገብቶ በሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎችን በተቅማጥ አሳምሟል። በሀብታም አገር ይህ ከሆነ፣ እኛ የጥገና ገንዘብ በሌለበት እንዲህ ያለውን መሣሪያ መትከል የለብንም። የፓምፑ ውሃ አንድ ጊዜ ወጥቶ አንድ ጊዜ የሚሄድ ነው። ሆኖም የጣሪያ ውሃ ለመጠጥ እንዳልሆነ በጽሑፍም በሥዕልም መመልከት አለበት፤ የዝናቡ የመጀመሪያ ውሃም ጣሪያውን አጥቦ ስለሚወርድ ወደ ታንከሩ ሳይገባ መለቀቅ ይገባዋል።

ስለ አደጋውም በግልጽ እንነጋገር። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ይላሉ አባቶቻችን። ትንሽ ልጅ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ውስጥ በፊቱ ከተደፋ ሊሰምጥ ይችላል፤ ሲሰምጥም አይጮኽም። ስለዚህ ሕጋችን አንድ ብቻ ይሁን፤ በሕፃናት መጫወቻ ውስጥ የሚጠራቀም ውሃ አይኑር። ገንዳ አይኑር፣ ኩሬ አይኑር፤ ውሃው ይምጣና ይለፍ። ታንከሩ ልጅ ሊከፍተው በማይችል ክዳን ይዘጋ። ይህ ሕግ ለሌላም ጉዳይ ይጠቅማል። ቆላማና ወይና ደጋ በሆኑ ከተሞቻችን የቆመ ውሃ የወባ ትንኝ ያራባል። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለችው፣ በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ የምትራባው ትንኝ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሀር በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ተገኝታለች፤ በ2022 በድሬዳዋ ለታየው የወባ ወረርሽኝም ምክንያት ሆናለች። በእነዚህ ከተሞች ታንከሩ በደንብ መከደን፣ መተንፈሻውም በወንፊት መሸፈን አለበት።

ይህን ሁሉ ከእኛ በፊት ያሰቡበት አሉ። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ አጋማሽ በቦስተን ከተማ፣ በበርሊን የታየውን አርአያ በማድረግ፣ ለድሆች ልጆች የአሸዋ ክምር በአንድ ጸሎት ቤት ግቢ ተደረገ፤ የአሜሪካ የመጫወቻ ስፍራዎች ታሪክ የሚጀምረው ከዚያ የአሸዋ ክምር ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ በአምስተርዳም፣ አርክቴክት አልዶ ፋን አይክ ለከተማው ማዘጋጃ ቤት ሲሠራ እ.ኤ.አ. በ1947 የመጀመሪያውን መጫወቻ በበርተልማንፕላይን አደባባይ ሠራ። እስከ 1978 ድረስ ከ700 በላይ ሠርቷል። ቦታዎቹ አብዛኛዎቹ እንደኛ ሦስት ማዕዘን የተረፉ፣ አንዳንዶቹም በጦርነቱ የወደሙ ቤቶች የነበሩባቸው ባዶ መሬቶች ነበሩ። ዕቃው ጥቂት ነበር፤ የአሸዋ ጉድጓድ፣ የመረማመጃ ድንጋይ፣ የመንጠልጠያ ብረት፣ ዛፍና አግዳሚ ወንበር። ነዋሪዎች «የኛም ሰፈር ይሠራልን» እያሉ ለማዘጋጃ ቤቱ ይጽፉ ነበር። የተረፈ መሬት በራሱ ጥፋት እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን። ጥፋቱ ተረፈ ብለን ሳናስብበት መተዋችን ነው።

አገራችንም የሕፃናትን መብት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1991 ተቀብላለች። የስምምነቱ 31ኛ አንቀጽ ሕፃን የማረፍና የመጫወት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ይህ መብት በሕግ ባለሙያዎች እጅ ብቻ ያለ ይመስለን ይሆናል። በእውነቱ ግን ልጅ የሚጫወትበትን መሬት የሚወስነው እርሳስ በእኛ እጅ ነው ያለው።

ስለዚህ ለማኅበራችን የሚከተሉትን አምስት ሐሳቦች አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ አባሎቻችን በሚያወጡት በማንኛውም የመኖሪያ ግቢ ፕላን ላይ፣ የሕፃናት መጫወቻው ቦታ ከመኪና ማቆሚያው በፊት ይመረጥ፤ ከመኖሪያው መስኮቶች የሚታይ፣ የመኪና መንገድ የማያቋርጠውም ይሁን።

ሁለተኛ፤ በግቢው የሚገኘው ነባር ዛፍ ሁሉ በፕላኑ ላይ ተለክቶ ይመዝገብ፤ የሚቆረጥም ካለ ምክንያቱ በጽሑፍ ይቅረብ። መጫወቻው በተቻለ መጠን ከነባሩ ጥላ ሥር ይግባ።

ሦስተኛ፤ የጣሪያው ዝናብ ውሃ በአሸንዳ ተሰብስቦ፣ በእጅ ፓምፕ፣ በጠባብ ቦይና በአሸዋ አልፎ ወደ ዛፎች እንዲሄድ ይደረግ። በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀስ ልጅ እንዲደርስበት ከቦዩ አንዱ ክፍል በጠረጴዛ ከፍታ ይሠራ።

አራተኛ፤ ልጅ ጠባቂ የሚቀመጥበት ወንበር በጥላው ውስጥ፣ ከውሃው በጥቂት እርምጃ ርቀት ይደረግ። አያትና ሞግዚት የማይመቻቸው መጫወቻ ልጅ አይመጣበትም፤ ቢመጣም ጠባቂ የለውም።

አምስተኛ፤ ከፕላኑ ጋር የጥገና ዝርዝር አብሮ ይሰጥ። ፓምፑን የሚያየው ማን ነው? አሸዋውን የሚያበጥረውና የሚለውጠው ማን ነው? ዛፉን ለሁለት በጋ የሚያጠጣው ማን ነው? ይህን ያልመለሰ ፕላን አልቋል አይባልም። የኔ ፕላን በምትካቸው ይተከላል ብሎ የቀረው ይህ መልስ ስላልነበረው ነው።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፤

የተናገርኩላችሁ ግቢ እንዴት እንደ ሆነ ትጠይቁኝ ይሆናል። የነዋሪዎቹን ኮሚቴ አነጋግሬያለሁ። የመኪና ማቆሚያውን መልሱ ብዬ አልጠየቅሁም፤ መኪና ያለው ሰው እንደማይለቅ አውቃለሁና። የጠየቅሁት ልጆቹ በመረጡት ስፍራ፣ በወይራዋ ሥር እንድንሠራላቸው ነው። የፍሳሹ ጉድጓድ ክዳን ተለውጧል፤ የታንከሩም ማቆሚያ ስለቱ ተሸፍኗል፤ ከመሠረቱ የሚርቅ ቦይም ተቆፍሯል። ፓምፑ ገና ነው፤ ገንዘቡ አልሞላም። በኮሚቴው ስብሰባ ላይ አንዲት እናት፣ «እኛ የምንጠጣው ሳይኖረን!» ብለው ተቆጥተውኝ ነበር። የጣሪያውን ስሌት በወረቀት አሳየኋቸው። ዝም ብለው ካዩት በኋላ፣ «እንዲህ ከሆነስ ለልብስ ማጠቢያም ይተርፋል» አሉ። ልክ ናቸው፤ ይተርፋል። እኔ ያላሰብኩትን እሳቸው አሰቡት፤ ሁለተኛው ታንከር እንዲጨመር የወሰነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ዘበኛው ልጆቹን ማባረር ትቷል። ባለፈው ሳምንት ስሄድ እሱ ራሱ በወይራዋ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። ልጆቹ ቦዩን በጭቃ ገድበውታል፤ ውሃውም ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ ይሄድ ነበር። ላስተካክል ስል አንዲት ትንሽ ልጅ፣ «አትንኩት፣ አባባ፤ ገና አልጨረስንም» አለችኝ። እኔም ተውኩት።

ማኅበራችን ይህን ሐሳብ ተቀብሎ በመጪው ዓመት ቢያንስ በአንድ ግቢ በሥራ እንዲያሳይ በትሕትና እጠይቃለሁ። ከእኔ የሚፈለገውን ፕላን ያለ ክፍያ አወጣለሁ።